የግሪክ ሰላጣውና አረንጓዴው ክር

አንድ ሳህን ሰላጣ የአንዲትን ልጅ ትዳር ሊያስቀር ይችላል ቢሉኝ ድሮ እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም፤ ሰላጣውን የሠራሁት እኔ ነኛ። ነገሩ ካለፈ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ቢሆንም ኪያር በከተፍኩ ቁጥር ለራሴ እንደ አዲስ አወራዋለሁ። ዛሬ ለእናንተ ላውራላችሁ።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ማህሌት እባላለሁ፣ ሰፈሩ ማሂ ይለኛል። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ አሥረኛ ክፍል። ድርሰት ጻፉ ስንባል ከግማሽ ገጽ አልፌ አላውቅም፤ ድፍረቴ በሙሉ ኩሽና ውስጥ ነበር። እናቴ ሆቴል ውስጥ ምግብ ታበስላለች። ቤት ስትመጣ ድስት ማየት ስለማትፈልግ፣ እሷ አልጋ ላይ ጋደም ብላ በቃል ትነግረኛለች፣ እኔ እሞክራለሁ። ከሁሉም የተዋጣልኝ የግሪክ የሚሉት የዶሮ ሰላጣ ነው። እርጎውን በጨርቅ ቋጥሬ ውሃው ጠብ ጠብ ብሎ እስኪያልቅ እሰቅለዋለሁ። ወፍራም ሲሆን ኪያር ፈቅፍቄ፣ ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ፣ ሎሚ ጨምቄ፣ ናና በትኜ አመሰዋለሁ። የዶሮውን ፍርምባ ደግሞ በሎሚና በጦስኝ ዘፍዝፌ በመጥበሻ አበስልና በቀጭን በቀጭኑ እተለትለዋለሁ። ከቲማቲም፣ ከቀይ ሽንኩርትና ከወይራ ፍሬ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ያን ዶሮ የወለደችው እናቱ ብትመጣም አታውቀውም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው፣ ድሮ አንድ ግሪክ ነጋዴ ሠራው በሚባል ግቢ ውስጥ። ሁለት ቤቶች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ መሃላቸው ቧንቧና አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። አንዱ ቤት የእኛ ነው፣ ሌላው የአዴ ፋጡማና የባሏ የሐጂ ዩሱፍ። አዴ ማለት እናት እንደማለት ነው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ ስለማይታወቅ «አዴ አለች» ብዬ ስጽፍ የናቅኳት እንዳይመስላችሁ። አንቱ ብላት እንዲያውም ምን አጠፋሁ ብላ ትደነግጣለች።

የአዴ ፍሪጅ፣ መብራት ጠፍቶ በኃይል ተመልሶ የመጣ ቀን ተቃጥሎባት ነበር። የድሬን ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ፍሪጅ የሌለው ቤት ምን እንደሚመስል መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ የእኛን ለሁለት ተካፈልነው፤ ላይኛው መደርደሪያ የእኛ፣ ታችኛው የእነሱ። ለሥጋ ደግሞ የተለየ ሕግ ነበረን። እኛ የሙስሊም እርድ አንበላም፣ እነሱም የክርስቲያን አይበሉም። ፌስታሉ ሁሉ ጥቁር ነውና አዴ የእነሱን ሥጋ በአረንጓዴ የሹራብ ክር ታስረዋለች። አረንጓዴ ክር ያለበትን እኛ ቤት ማንም አይነካም። ስድስት ወር ሙሉ አንድም ቀን አልተሳሳትንም።

የአዴ ትልቋ ልጅ ዘይነብ ለእኔ እህቴ ማለት ናት። ታይዋን ገበያ ልብስ ትሸጣለች፤ አዲስ ዕቃ የገባ ዕለት ከለበሰችው ቀሚስ ታውቁታላችሁ። ከድር የሚባል የመልካ ጀብዱ ልጅ ወደዳት፣ ወደደችው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ግን የልጁ እናትና አክስቱ ቤቱን ለማየት ቅዳሜ ለምሳ ይመጣሉ ተባለ። ሴቶቹ ደስ ካላቸው በሚቀጥለው ሳምንት ሽማግሌ ይመጣል። ደስ ካላላቸው ምክንያት ተፈልጎ ነገሩ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፣ ማንም ግን ጮክ ብሎ አልተናገረውም።

ችግሩ ምግቡ ላይ መጣ። ለሌላው ሰው ሩዝ በሥጋ ይሠራል፤ የልጁ እናት ግን ልቧን ታማ ስለነበር ሐኪሙ ቅባትና ጨው ከልክሏታል። ለዋናዋ እንግዳ ምን ይቅረብ? ዘይነብ ናት እኔን የጠራችው። አዴ ዓይን ዓይኔን እያየች «ትችያለሽ?» አለችኝ።

«አቦ አዴ፣ ይቺን አጣለሁ?» አልኳት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንድ ስንዝር የረዘምኩ መስሎኝ ነበር።

አንድ ሰው ቀርቷል፣ አክስቴ ተዋበች። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀን መጥታ ሁለት ሳምንቷ ነበር። ሙቀቱን ስትረግም ትውላለች፣ ሐጂን ባየችው ቁጥር ብድግ ብላ «እንደምን አደሩ» ትለዋለች፣ ሐጂም ማን ከኋላው እንዳለ ዞር ብሎ ያያል። እሷን ግን አንድ ነገር ላይ አላመንኳትም። የመጣች ዕለት ፍሪጁን ከፍታ ታችኛውን መደርደሪያ ለረጅም ጊዜ አየችው። ስለ ክሩ ነገርናት። «ይኼ ሁሉ ነገር በአንዲት ክር ነው የተያዘው?» አለችና ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወዲህም ፍሪጁን በከፈተች ቁጥር የሆነ ነገር ታጉተመትማለች። እኔም በልቤ፣ ይቺ ሴትዮ የእነ አዴ ሥጋ ከእኛ ጋር ማደሩ አልተዋጠላትም አልኩ።

ዓርብ ከሰዓት፣ ከአሱር ሶላት በኋላ ሐጂ ዶሮውን በገዛ እጁ አረደ። አዴና ዘይነብ ላባውን ገፍፈው አጽድተው በፌስታል አደረጉት፣ አዴ በአረንጓዴ ክር አሰረችው፣ እኔ ራሴ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። የእኛ ቤት ደግሞ እሑድ ዶሮ ወጥ ስለነበር አባቴ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሊያርድ ከእናቴ ጋር ተነጋግሯል።

ቅዳሜ ማንም ሳይነሳ ተነሳሁ። እርጎው ቢያንስ አምስት ሰዓት መንጠልጠል አለበት። ዓይኔን እያሸሁ እርጎውን ከፍሪጅ አወጣሁ፣ በንጹሕ ነጭ ሻሽ ላይ ገለበጥኩት፣ አፉን ሰብስቤ እጄ ያገኘውን ክር ጠምጥሜ አሰርኩና ቧንቧው አጠገብ ያለው ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ተመልሼም ተኛሁ።

ስነቃ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። አባቴና እናቴ ሥራ ሄደዋል። አክስቴም የለችም። እናቴ በስልክ እንደነገረችኝ፣ አባቴ ዶሮውን አርዶ እሷ በጥድፊያ ላባውን ገፍፋ ፍሪጅ አስገብታዋለች፤ አክስቴ ከኪዳን ስትመለስ አጥባ ልታቆየው ነው፣ ከዚያ ሽንኩርት ልትገዛ ገበያ ትሄዳለች።

ፍሪጁን ከፈትኩ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ አንድ ጥቁር ፌስታል። ታችኛው ላይ አንድ ጥቁር ፌስታል። ታችኛው ላይ ክር የለም።

ቆም አልኩ። ክሩ ተፈትቶ ወድቆ ይሆናል ብዬ የፍሪጁን ወለል በእጄ ዳሰስኩ፣ ምንም የለም። ደግሞ ለራሴ፣ ታችኛው የእነሱ ነው አይደል፣ ክሩ ለተጨማሪ ጥንቃቄ ነው እንጂ ቦታውማ ቦታው ነው አልኩ። ፌስታሉን ይዤ ወደ አዴ ኩሽና ተሻገርኩ። ምግቡን የምሠራው በእነሱ ቢላ፣ በእነሱ መጥበሻ ነበርና እዚያ ምንም ስጋት የለም።

ስከፍተው ሎሚ ሎሚ ሸተተኝ።

ዶሮው እስኪነጣ ታጥቧል። ትናንት ሳስቀምጠው እንዲህ አልነበረም። ዘይነብ በሌሊት ተነስታ አጥባው ይሆናል አልኩና ፍርምባውን አውጥቼ በሎሚና በጦስኝ ዘፈዘፍኩት። ታያላችሁ? ጥርጣሬ ሲመጣብኝ ሁልጊዜ አንድ መልስ አዘጋጅቼ እጠብቀው ነበር።

አትክልቱን አስቀድሜ ከታተፍኩ። አምስት ሰዓት አካባቢ እርጎውን ላወርድ ወጣሁ። ቋጠሮው ረጥቦ አልፈታ ሲለኝ በንጹሕ ቢላ በጥሼው ሻሹን ይዤ ገባሁ። እርጎው እንደ አይብ ወፍሮ ወጣ፤ እንዲህ አምሮልኝ አያውቅም። ለብቻው በነጭ ጎድጓዳ ሳህን አምሼው ከድኜ አስቀመጥኩት። መጥበሻው ላይ ዶሮው ቸስ ቸስ እያለ ነበር ዘይነብ እጇ ላይ ሂና ተቀብታ እየተንሳፈፈች የገባችው።

«ማሂ፣ ዛሬን ካማረልኝ የመጀመሪያ ልጄን በስምሽ ነው የምጠራው» አለችኝ። «ማህሌት ከድር። አያምርም?»

«ሐጂ ይሰማሽና ታያለሽ። ዘይኑ፣ ዶሮውን ጠዋት አጠብሽው እንዴ?»

«እኔ? በዚህ እጅ?» ሂናዋን አሳየችኝ። «ከትናንት ወዲህ አልነካሁትም። አዴም አልነካችም፣ ሩዝ ስትለቅም ነው ያደረችው።»

ዘይነብ ወጣች። እኔ መጥበሻውን አውርጄ ግቢውን በሩጫ አቋረጥኩና ፍሪጃችንን ከፈትኩ። ላይኛውን ፌስታል ፈታሁ። እሱም ሎሚ ሎሚ ይሸታል። እሱም ነጭ ብሎ ታጥቧል። ሁለት ዶሮ፣ አንድ መጠን፣ አንድ ቀለም፣ አንድ ሽታ። ቢያወሩ ኖሮ አንደኛውን እጠይቀው ነበር።

ሁለቱንም ያጠበው አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ፍሪጃችንን በክፉ ዓይን የሚያይ ሰው ነው። አክስቴ ዘንድ ደወልኩ። ስልኳ ከመኝታ ቤት፣ ከትራሷ ሥር ጮኸ።

ያን ጊዜ ማቆም ነበረብኝ። እውነቱን ልንገራችሁ ብዬ ነው የጀመርኩትና እነግራችኋለሁ፤ አላቆምኩም። አዴ ጋ ሄጄ ክሩ ጠፍቷል ማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ግን «ይቺን አጣለሁ?» ያልኩት እኔ ነኝ። ዘይነብ በሂናዋ ትንሳፈፋለች። ደግሞም ምናልባት ልክ ነው፣ ምናልባት አክስቴ አጥባ እያንዳንዱን ቦታው መልሳዋለች። ምናልባትን እንደ ምርኩዝ ይዤ ወደ ኩሽናው ተመለስኩና ሥጋውን መተልተል ጀመርኩ።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሚኒባስ በር ላይ ቆመ። እናትየው ሩቂያ ትባላለች፤ ደርባባ፣ ቀስ ብላ የምትራመድ፣ ፊቷ የሚስቅ ሴት ናት። አክስትየዋ ሐቢባ ግን ሌላ ናት። ቀጭን፣ ረጅም፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ከላይ በኩል የምታይ። ጫማዋን ሳታወልቅ ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ የመጋረጃውን ስፌት አይታ ጨርሳለች። ሐጂ ሲያስተናግዳቸው፣ አዴ ሻይ ስታቀርብ በመስኮት እሰማለሁ። ብዙም ሳይቆይ ሐቢባ ብድግ ብላ እጄን ልታጠብ አለችና ቀጥታ እኔ ወዳለሁበት ኩሽና ገባች።

መጀመሪያ ያየችው አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ ነው።

«አንቺ ነሽ የምታበስይው?»

«ሰላጣውን ብቻ።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የጎረቤት ነኝ፣ የፊት ለፊቱ ቤት።»

መጥበሻውን አየች፣ ቢላውን አየች፣ እኔን አየች። «ዶሮውን ማን አረደው?»

«ሐጂ» አልኩ። ውሸት አልነበረም። ሐጂ ያረደው ዶሮ አለ፤ የት እንዳለ ነው ያላወቅኩት።

«ከዚያስ በማን እጅ አለፈ?»

አያችሁ፣ ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። እንደ ዕድል ሐጂ ከበሩ ሆኖ፣ ቢስሚላህ ብዬ በራሴ እጅ ነው ያረድኩት፣ ልጅቷም እዚሁ እጃችን ላይ ያደገች ናት አላት። ሐቢባ አንገቷን ነቅንቃ ሄደች። ሐጂ ዓይኑን ጠቀሰኝ። በሕይወቴ እንደዚያች ጥቅሻ ያመመኝ ነገር የለም።

ዘይነብ መጥታ ሰላጣውን በትልቁ ዝርግ ሳህን ደረደርነው። የወይራ ዘይት ከላይ ጠብ አደረግኩበት። ያምር ነበር፤ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ጥቁሩ ወይራ፣ መሃሉ ላይ ነጩ ዶሮ። ዘይነብ ተሸክማ ገባች። በዚያው ቅጽበት የግቢው በር ተከፍቶ አክስቴ ተዋበች ሽንኩርቷን ተሸክማ ላቧን እየጠረገች ገባች። እየሮጥኩ ቧንቧው ጋ ደረስኩባት።

«እትዬ፣ ዶሮ አጥበሻል?»

«አጥቤያለሁ። እናትሽ ላባውን እንደነገሩ ነው የገፈፈችው። በጨው በሎሚ፣ ሰባት ውሃ።»

«ስንት ዶሮ?»

«ሁለቱንም ነዋ። አንድ ላይ በትልቁ ሳፋ።»

«አንዱ የአዴ ነበር!»

ሽንኩርቷን መሬት አስቀመጠች። «የአዴ ከሆነ ክሩስ? ክር ያለበትን አትንኪ ብላችሁኛል። ሁለቱንም ገለባብጬ አየሁ፣ ክር የለም። ወንድሜ ሁለት አርዷል፣ ቦታ ጠቧቸው ታች አስቀምጠውታል አልኩ።»

ያመቅኩት ሁሉ ገነፈለ። «አውቀሽ ነው» አልኳት። «ከመጣሽ ጀምሮ ያ ፍሪጅ ዓይንሽን ወግቶታል። ክሩን ፈትተሽ የጣልሽው አንቺ ነሽ።»

አክስቴ አልተቆጣችም። ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ እኔ ስፈራ የነበረው ይቺ ቀን እንዳትመጣ ነው» አለች። «ሁለት ቤት በአንዲት ክር ታስሮ ሳይ ነው ሆዴ የሚባባው። ደግ ጎረቤት እንደዚህ ተገኝቶ፣ በቀላሉ እንዳይበጠስ።»

ከዚያ ዝቅ ብላ ከቧንቧው ሥር፣ ከፍሳሹ ጫፍ አንድ ነገር አነሳች። «ይኼስ ምንድን ነው?»

ክር ነው። ግማሹ በእርጎ ነጥቷል። ግማሹ አረንጓዴ ነው። ቋጠሮው በቢላ ተበጥሷል።

ጎህ ሲቀድ፣ ዓይኔ ሳይገለጥ፣ አንድ እጄ ሻሹን ይዞ ሌላው እጄ ፍሪጁ ውስጥ ከፌስታሉ ላይ ስቦ የፈታው ክር። የእርጎዬን አፍ ያሰርኩበት። አምስት ሰዓት ሙሉ በግቢው መሃል፣ ሁሉም ሰው በሚያልፍበት ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ የነበረው። እኔ ግን እዚያው አጠገቡ ስመላለስ አክስቴን ስጠረጥር ዋልኩ።

ይቅርታ ለማለት ጊዜ አልነበረኝም። የአዴን ደጃፍ እንዴት እንደዘለልኩት አላውቅም። ሳሎኑ ውስጥ ሁሉም ሳህን ሳህኑን ይዟል። ሩቂያ ማንኪያዋን ሞልታ፣ በሌላ እጇ የማንኪያውን ሥር ደግፋ፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቢስሚላህ እያለች ነበር።

«አትብይው» አልኩ።

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ።

በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ። እርጎ ላስርበት ክሩን የፈታሁት እኔ መሆኔን፣ ሁለቱ ዶሮዎች በአንድ ሳፋ መታጠባቸውን፣ የትኛው የማን እንደሆነ እኔም ማንም እንደማያውቅ። ከጠዋት ጀምሮ ተጠራጥሬ ዝም ማለቴንም ጨመርኩ፣ እሱን መተው ይቻለኝ ነበር፣ ግን ከጀመርኩ ወዲያ መቆም አቃተኝ። አዴ አፏን በሻሿ ያዘች። ሐጂ ምንጣፉን ያያል። ዘይነብን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም፤ ያየሁት እጇን ብቻ ነው፣ ሂናው ላይ ጣቶቿን ቆልፋለች።

ከኋላዬ አክስቴ ተዋበች በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለች በዚያ በደብረ ብርሃን አንቱታዋ። «ሐጂ፣ እርስዎም ይስሙኝ፣ እንግዶችም ይስሙኝ። ጥፋቱን ልጅቷ ብቻዋን አትሸከም።» ልቤን ሁለት ቦታ የከፈለችው ያን ጊዜ ነው። ከአምስት ደቂቃ በፊት የወነጀልኳት ሴት ናት።

ሐቢባ መነጽሯን አወለቀች። «አንቺ ልጅ፣ ባትናገሪ ማን ያውቅ ነበር?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»

አፌ ላይ የመጣው አንድ የልጅነት ነገር ነው። ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ፍልሰታ። ልቆርብ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አዴ፣ ቆርበሽ ስትወጪ ትበያለሽ ብላ ብስኩት ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ። ቅዳሴው ሲያልቅ ልጆች «ማሂ፣ አንዲት ሴትዮ እየጠራችሽ ነው» አሉኝ። አዴ ናት። በነጠላ ጫማ፣ ራሷን ተከናንባ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ፀሐይ ላይ ቆማለች። ብስኩቱን ከእጄ ተቀበለችና «ቅቤ አለው ልጄ፣ አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ጾምሽ ነው» አለችኝ። ከቤታችን እስከዚያ በሩጫ ነበር የመጣችው።

ይህን ነገርኳቸው። «እሷም ዝም ብትል ማንም አያውቅም ነበር» አልኩ።

ሐቢባ ወደ አዴ ዞረች። «የቤተ ክርስቲያን በር ድረስ ሄድሽ?»

አዴ ግራ የገባት ትመስል ነበር። «ልጅቷ ጾመኛ ናታ» አለች። «ምን ላድርግ ታዲያ፣ ላብላት?»

ያኔ ሩቂያ ማንኪያዋን ቀስ ብላ ሳህኑ ላይ መለሰች፣ ሳህኑንም ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። ሐቢባን አየቻትና፣ «እኔ ያየሁትን አይተሻል?» አለቻት።

«አይቻለሁ» አለች ሐቢባ። መነጽሯን መልሳ አደረገችና ወደ እኔ፣ «ያ እርጎ ዶሮውን ነክቶታል?»

«አልነካውም። እጄን በሳሙና ታጥቤ በንጹሕ ዕቃ ነው የሠራሁት፣ ለብቻው ተከድኗል።»

«ኪያር ተርፏል?»

«ሳይከተፍ ሦስት አለ።»

ብድግ ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። «ነይ አሳዪኝ። ቢላ ግን ከዘይነብ መሳቢያ ሌላ አምጪ።» ያቺ ጣሪያና ግድግዳ ስትመረምር የነበረች ሴት ከእኔ ጎን ቆማ ኪያር ላጠች፤ ወፍራም አድርጋ ነው የምትልጠው፣ አልተናገርኳትም። ሩቂያ የዚያን ቀን ምሳዋ እርጎ በኪያርና ዳቦ ነበር። ሁለት ጊዜ አስጨመረች። ሲሄዱ በር ላይ ዘይነብን አቅፋ በኦሮምኛ የሆነ ነገር በጆሮዋ ነገረቻት፤ ዘይነብ ፊቷን ሸፍና ወደ ውስጥ ሮጠች። በሚቀጥለው ሳምንት ሽማግሌዎቹ መጡ።

ዶሮዎቹስ አትሉም? የትኛው የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ለእነሱም አልሆኑም፣ ለእኛም አልሆኑም። እሑድ አባቴ ዶሮ ወጥ ሲጠብቅ ሽሮ ቀረበለት፤ እስከ ዛሬ ያነሳብኛል። ያን የመሰለ የግሪክ ሰላጣ የግቢያችን ድመቶች ናቸው የበሉት። ዶሮውን ለቅመው ወይራውን ተዉት። አዴም መጥበሻውን ለእነሱ ለቀቀችላቸው፣ እስካሁን ከኒሙ ዛፍ ሥር ውሃ የሚጠጡበት እሱ ነው።

አክስቴን የዚያኑ ዕለት ማታ ሳይሆን በማግስቱ ነው ይቅርታ የጠየቅኳት፣ ዕለቱንማ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። «ስትቆጪ አባትሽን ነው የምትመስይው» አለችኝና አንዱን ሽንኩርት አቀበለችኝ። አብረን ላጥን። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተነስቶ አያውቅም።

እናንተስ? ሰው ጠርጥራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያን ቀን አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ጠዋቱን ሙሉ አክስቴ ላይ ማስረጃ ስለቅም ነበር፤ አነጋገሯን፣ አስተያየቷን፣ ማጉተምተሟን። የገዛ እጄ ምን ሲሠራ እንዳደረ ግን አንድም ጊዜ አልጠየቅኩም። አሁን አንድን ሰው መጠርጠር ስጀምር መጀመሪያ ጎህ ሲቀድ ምን አድርጌ ነበር ብዬ እጀምራለሁ። ሁልጊዜ አይሳካልኝም፤ ሽንጤን ገትሬ የምከራከርባቸው ቀናት አሉ። ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ተለወጠ። ያቺን «አትብይው» የምትል አንዲት ቃል ካወጣሁ ወዲህ፣ ከባድ ነገር መናገርም መጻፍም አልፈራም። ይኼው፣ ግማሽ ገጽ የማይሞላላት ልጅ ስንት ገጽ እንደሞላች እዩልኝ።

ለሠርጉ ሐቢባ ከመልካ ጀብዱ ድረስ ደውላ፣ ሰላጣውን ከእኔ ሌላ ማንም እንዳይሠራው ብላ አዘዘች። ሐጂ አረደ፣ አዴ አሰረች፣ አክስቴ ተዋበችም ከደብረ ብርሃን በስልክ «ክሩን አይተሻል?» ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። አይቼዋለሁ አልኳት። እርጎዬን በላስቲክ ነበር ያሰርኩት።

የአዴ ፍሪጅ ከሠርጉ በፊት ተሠርቷል፣ በደንብ ይሠራል። ትናንት የእኛን ስከፍት ግን ታችኛው መደርደሪያ ላይ አንድ ጥቁር ፌስታል ተቀምጦ አየሁ። አረንጓዴ ክር ታስሮበታል።